የእነማርታ ቤት

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 1955 ዓ.ም.፤ ጧት 2 ሰ.

ውርጭ። የባልዲው ውሃ ረግቶ አደረ፤ በድንጋይ ሰብሬ ታጠብኩ። እማዬን ጤና ጣቢያ አደረስኳት፤ መርፌዋን ተወጋች። ድሬሰሩ ሲወጋት ዓይኗን አትጨፍንም። የምጨፍነው እኔ ነኝ። ስንመለስ ስለ ልቧ ድካም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መንገዱን ሙሉ ያወራችው ስለነዚያ ሰዎች ጣራ ነው። ክረምት ሳይገባ ካልከደኑት ልጆቹ በሳል ያልቃሉ አለች።

ደብተሬ፣ ይህን አልነገርኩህም። ለጥምቀት ከአ.አ. የሲኒማ መኪና መጣ። በት/ቤታችን ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ሰቀሉ። ፊልሙ የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ ነው፤ በአራት ክፍል የሚያልቅ። አንደኛው እሁድ ማታ ታየ፤ የቀሩት በየቅዳሜው ይታያሉ። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ታደሰ ማስተርጎም የኔ ሥራ አይደለም አለ። ር/መምህሩ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን ዕዳው ይኸው ነው፤ ማይክራፎን ይዤ ከሞተሩ ጋር እየተሻማሁ ስጮህ አመሸሁ።

የፊልሙ ሰዎች ስም ለአፍ አይመችም፤ ቀየርኩት። እናቲቱን ማርታ አልኳት። ትልቁን ልጅ ዮሐንስ። አባትየው አናጢ ነው፤ አናጢው ብዬ ተውኩት። አንድ አሮጌ ቤት ገቡ። ጣራው ያፈሳል፤ ልጆቹ ድስትና ባልዲ ደርድረው ጠብታውን እንደ ከበሮ ይሰሙታል። እማዬ ከፊት በርጩማ ላይ ባናዋን ተከናንባ ነበረች። ሳቀች። ከአንኮበር ካመጣኋት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ገና ያን ጊዜ ነው።

እቤት እንደገባን ግን ጠየቀችኝ፤ ስዩም መቼ ነው የሚመጣ? እኔም የዘወትሩን መለስኩ፤ መኪናው ተበላሽቶ አሰብ ቆሟል፣ ዕቃ እየጠበቁ ነው፣ ዘግይቶ ይመጣል። እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ ይዤዋለሁ።

ስዩም ሞቷል። ይኸው ጻፍኩት። ታላቅ ወንድሜ፣ የአሰብ መስመር ሹፌር፣ በኅዳር መጨረሻ ከነመኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ኮምቦልቻ ሄጄ ቀበርኩት። ለእማዬ የመምህራን ስብሰባ አለብኝ ብያት ነበር። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ አንተን አታነብህም። ከአንተ በቀር እቤት ውስጥ የምነግረው የለኝም።


ሐሙስ፣ ጥር 16፤ ከቀኑ 11 ሰ.

የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለሁ ሰይድ መጣ። የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ በአንድ መስመር ነበር ከስዩም ጋር የሚነዱት። ከገደሉ ያወጣው እሱ ነው። ለእማዬ ከቆላ ሙዝ ይዞላት መጣ።

ምነው ልጄን ብቻውን ትተኸው መጣህ አለችው። ሰይድ መሬት መሬት አየ። አላህ ያውቃል እናቴ፣ አላህ ያውቃል፤ ሌላ አልወጣውም። ሻይ እንኳ ሳይጨርስ ተነሳ። ስሸኘው በር ላይ እጄን ጨብጦ አልለቅ አለኝ።

«መምህር፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት አታስገባኝ። ደህና ነው ብዬ ወላሂ አልልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ምን ላድርግ? እኔ አይደለሁም የደበቅኩት። አጎቴ ቄስ ወልደ ሰንበት፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ አንኮበር ሆነው ያዘዙት ነው። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አታስደንግጧት ብሏል፤ መርፌው እስኪያልቅ ይቆይ አሉ። መርዶ እንደ ወጉ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ኀዘንተኛው ተቀምጦና ተይዞ ነው። እሺ። ግን በየቀኑ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ እሳቸው አይደሉም።


ቅዳሜ፣ ጥር 18፤ ምሽት 3 ሰ.

ሁለተኛው ክፍል። ከሰላ ድንጋይና ከመዘዞ ሳይቀር ሰው መጥቷል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሜዳው ሙሉ በርኖስና ባና ነው።

አናጢው ታመመ። ዮሐንስ ትምህርቱን ትቶ የአባቱን መጋዝ አነሳ። ማርታ አልፈቀደችም፤ ተከራከሩ፤ ተሸነፈች። ስዩምም እንዲሁ ነው ያደረገው። አባታችን ሲሞት እሱ አራተኛ ክፍል ነበር፤ ደብተሩን ለእኔ ሰጥቶ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። እኔ መምህር የሆንኩት እሱ ጎማ እየቀየረ ነው።

እማዬ ስንመለስ እጄን ይዛ በጨለማ ትሄዳለች። የእነማርታ ቤት ልጅ ወጥቶለታል አለች። የፊልም ቤት አይደለም የምትለው፤ የእነማርታ ቤት ነው፤ ልክ ከወንዙ ማዶ እንዳለ ጎረቤት። ዛሬ እራት በላች። ሙሉ እንጀራ። አከራያችን ወ/ሮ ዘነበች ምስጢሩን ታውቃለች፤ እማዬ ስትበላ አይታ ወደ ጓሮ ወጣች።


ዓርብ፣ ጥር 24፤ ከቀኑ 9 ሰ.

መርፌው አለቀ። ሐኪሙ ተሽሏታል ቢልም፣ አሁንም ጥንቃቄ አለ።

ለአጎቴ በአንኮበር መኪና መልእክት ላክሁ፤ በዚያው መልስ መጣ። ነነዌ ይለፍ፣ ጾም ላይ ደካማ ሰው አይረበሽም ይላሉ። ቀድሞ ጥምቀት ይለፍ ነበር። ከዚያ መርፌው ይለቅ። አሁን ነነዌ። ቀጥሎ ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ ከዚያ ፋሲካ፤ ደስታ አይበላሽም ይባላል። በዚህ አያያዝ ስዩም መቼም አይሞትም።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ እንጃ።


እሁድ፣ ጥር 26፤ ጧት 3 ሰ.

ትናንት ማታ መጻፍ አልቻልኩም።

ሦስተኛው ክፍል። ዮሐንስ መርከብ ላይ ሥራ አገኘ። ወደቡ ላይ ማርታን ጉንጯን ሳማት፤ እሷም ኮሌታውን አስተካከለችለት። ይኸው ነው። መርከቡ ሄደ። ማታ ገበታ ሲቀርብ ማርታ የዮሐንስን ሳህን ከሌሎቹ ጋር ደረደረች፤ ትንሿ ልጅ ልታነሳው ስትል ተይው አለቻት። ሜዳው ላይ የሞተሩ ድምፅ ብቻ።

እማዬ ግን ተቆጥታለች። ስንቅ ሳትሰጠው ትሸኘዋለች? ያን ሁሉ ባሕር ባዶ እጁን? እንዲህ ያለ ሞኝ ሴት አላየሁም አለች። እኔ ስዩምን በሶ ሳልቋጥርለት ሸኝቼው አላውቅም ብላ ጨመረች። ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ እንኳ መንገድ ላይ ትኩስ እበላለሁ ቢላት በግድ ነው ያስያዘችው።

በሶውን አይቼዋለሁ ደብተሬ። ኮምቦልቻ ዕቃውን ሲያስረክቡኝ ከረጢቱ አለ። ግማሹን በልቶታል። ከረጢቱ አሁን ት/ቤት፣ የጠመኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የምጥልበትም የማስቀምጥበትም ሌላ ቦታ አጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደግሞ፣ ዮሐንስ ደረሰ ይሆን አለችኝ። እስከ ቅዳሜ አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር። እውነት መናገር እንዴት ደስ እንደሚል ረስቼው ኖሯል።


ማክሰኞ፣ ጥር 28፤ ከቀኑ 10 ሰ.

የነነዌ ጾም፣ ሁለተኛ ቀን። አትጹሚ፣ ልብሽ ደካማ ነው ብያት ተጣላን። የነነዌ ሰዎች ከብቶቻቸው እንኳ ጾመዋል፣ እኔ ከከብት ላንስ ነው? አለችኝ። ከእማዬ ጋር ተከራክሮ ማን ረታ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ወጥታ ስትመጣ ፊቷ በርቷል። ቄሱ የዮናስን ነገር አነበቡ፤ ባሕሩን፣ ማዕበሉን፣ ዓሣ አንበሪውን። ያን ጊዜ ዮሐንስን አሰብኩት አለች። ዮናስን ከባሕር ያወጣ አምላክ የማርታንም ልጅ በሰላም ያግባላት ብላ ጸለየች። ቀጥላም የስዩምን መኪና ይጠግንልኝ ብላ ጸለየች።

ወጥቼ ት/ቤቱን ዞርኩት። አለቀስኩ። ማንም አላየኝም፤ ቢያይም ብርድ ነው እላለሁ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 2፤ ከቀኑ 11 ሰ.

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ታደሰ አቡጀዲውን እየሰቀለ ጠራኝ። ዛሬ የመጨረሻው ነው፣ ጉሮሮህን አዘጋጅ፣ ያለቅሳሉ አለኝ፤ በየከተማው አልቅሰዋል። ምን ሆኖ አልኩት። ልጁ ይሞታል አለ። ትልቁ። መርከቡ ይሰጥማል።

ፊልሙን ተወው፣ ሌላ አሳይ አልኩት። ሳቀ። አይቶኝ ግን ሳቁን አቆመ። ነገሩን አልነገርኩትም።

እማዬን ዛሬ ብርዱ ይከፋል፣ እቤት ቆዪ አልኳት። ለብሳ ጨርሳለች። በርጩማውን ራሷ ይዛለች። ዮሐንስ ዛሬ ይመጣል አለች፤ ማርታ ደስ ሲላት ሳላይ አልቀርም።

ሐኪሙ አታስደንግጧት ብሏል። ሜዳ ላይ፣ በምሽት፣ በእኔው አፍ፣ በድምፅ ማጉያ? አይሆንም። ማይክራፎኑ በእኔ እጅ ነው። ልጁ በእኔ አፍ አይሞትም።


በዚያው ቀን፤ ምሽት 4 ሰ.

ማርታ ወጥ ቤት ቆማ ሳህን ታጥባለች። ፀሐይ ነው፤ ቀትር። በር ተንኳኳ። ሳህኑን እንደያዘች ከፈተች። ሁለት ሰዎች። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንደኛው ተናገረ፤ አጭር ነው፤ እንግሊዝኛውን አንደኛ ክፍልም ይረዳዋል። ልጅሽ ሞቷል ነው ያላት።

ሰው ሁሉ አፌን ይጠብቃል። አፌን ከፈትኩ። መርከቡ ተበላሽቶ ነው፣ ዕቃ እየጠበቁ ነው፣ ዘግይቶ ይመጣል ነው የሚሏት፣ አልኩ። አስቤበት አይደለም። በራሱ ወጣ።

ማርታ ግን አትሰማኝም። ሰዎቹ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ። ሳህኑን ይዛ በሩ ላይ ቀረች። ፊቷ አቡጀዲውን ሞላው። ከዚያ ተመልሳ ያንኑ የታጠበ ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ ኧረ ልጇ ሞቶባታል አለች። ዋይታው ከዚያ ተነሳ። ከሁሉ በላይ የጮኸችው ወ/ሮ ዘነበች ናት፤ ደረቷን እየደቃች፣ «ወየው ልጄን፣ ወየው የኔ ጎበዝ» ትላለች። ለማን እንደምታለቅስ እኔ አውቃለሁ። ሁለት ወር ሙሉ የዋጠችው ነው። የስዩምን ሸሚዝ የምታጥብለት እሷ ነበረች።

ማይክራፎኑን ዘጋሁት። የቀረውን ማንም አልተረጎመው። ገበታ ቀረበ፤ ሳህኑ ተደረደረ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። አለቀ።

እማዬ አላለቀሰችም። በርጩማዋን አንስታ ተነሳች። መንገዱን ሙሉ እጄን አልያዘችም። ስለ ስዩምም አልጠየቀችኝም። ከኅዳር ወዲህ ያልጠየቀችበት የመጀመሪያው ምሽት ነው።


እሁድ፣ የካቲት 3፤ ከቀኑ 8 ሰ.

ረጋ ብዬ ልጻፍ።

ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች በወ/ሮ ዘነበች መሪነት ንፍሮ ቀቅለው፣ እንጀራ በመሶብ ይዘው ወደ ሲኒማው መኪና ሄዱ። ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ለብሰዋል። ታደሰ ሽቦ እየጠቀለለ ነበር። ሴቶቹ መሬት ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ማርታ በዚህ አገር ዘመድ የላትም፣ አንተ ነህ የምታውቃት፣ እግዜር ያጥናሽ ብለዋል በልልን አሉት። እኔ ይስቃል ብዬ ፈራሁ። አልሳቀም። ኮፍያውን አወለቀ፣ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ከንፍሮው ዘግኖ በላ። እነግራታለሁ አላቸው።

እማዬም ከመካከላቸው ነበረች። ተመልሳ መጣች። መደቡ ላይ ተቀምጣ ና አለችኝ።

«ማርታን ምን አሏት?»

ነግሬሽ የለ እማዬ፣ መርከቡ ተበላሽቶ፣ ዕቃ እየጠበቁ…

እጇን አነሳች።

«እሱን ለስዩም ነው የምትለው» አለች።

ደብተሬ፣ ልቤ ቆመ። ድንጋጤው ይገድላታል የተባለው ለእሷ ነበር። እሷ ግን ቀሚሷን እያስተካከለች ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ገበያ የምትልከኝ ዓይነት ድምፅ።

«ያቺን ሴት በር ላይ እንደቆመች ነገሯት። ያስቀመጣት የለ፣ የያዛት የለ። ሳህኑን እንኳ ከእጇ የተቀበላት ሰው የለም። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት እሱን ነው።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። አሁን አይደለም አለችኝ።

«ሰው ጥራ። ወንድሜን አስመጣልኝ። እንደ ወጉ ይሁን። እኔን እንደቆምኩ እንዳትነግሩኝ።»

ከዚያ ምሳ በልተህ ሂድ አለችኝ። በላሁ። ምን እንደበላሁ አላውቅም። ወደ አንኮበር የሚወርድ ሰው ፍለጋ ስወጣ ሰይድን ገበያ ዳር አገኘሁት። ሳልጨርስ ገባው። ኢና ሊላሂ አለና መኪናውን አስነሳ።


ሰኞ፣ የካቲት 4፤ ከቀኑ 12 ሰ.

ት/ቤት አልሄድኩም። ከቁም ሳጥኑ የበሶውን ከረጢት አምጥቼ ወ/ሮ ዘነበች ቤት አስቀመጥኩ።

እማዬ ቀኑን ሙሉ ቤት ስታስተካክል ዋለች። የጤፉን ጆንያ ወደ ጥግ ገፋች። ጠረጴዛዬን አስወጣችኝ፤ መጻሕፍቴን ራሷ አልጋ ሥር ደረደረች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ እያሰናዳች ነው። ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። አላለቀሰችም። ስሙንም አልጠራችም። ታውቃለች፤ ግን ገና አልተነገራትም፤ ያልተነገራትን አታለቅስም። ይህን የሚያህል ጉልበት የት አስቀምጣው ነው ሐኪም ልቧ ደክሟል ያለን?

አመሻሽ ላይ ቄስ ወልደ ሰንበት በሰይድ መኪና ደረሱ። ወ/ሮ ዘነበች ቤት ነው ያረፉት። ማን ነገራት ብለው ተቆጡ። ማንም አልኩ። የሆነውን አስረዳኋቸው። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። በሽታዋን ፈርተን አይደለም የደበቅናት፤ ፊቷን ማየት ፈርተን ነው አሉ። አጎቴ እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ነገ ጎህ ሲቀድ ይሁን ተባለ። ታላቅ ልጅ አሁን አንተ ነህ፣ ከእኔ ጋር ገብተህ አንተ ትነግራታለህ አሉኝ። እሺ አልኩ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 5፤ ሌሊት 11 ሰ.

የወ/ሮ ዘነበች ቤት። አቦ ነው ዛሬ፤ ደወሉ ገና ተደወለ። ግቢው ሰው ሞልቷል። እስትንፋሳቸው እንደ ጭስ ይታያል። ሰይድ አጥሩ ሥር ቆሟል፤ ጫማውን አውልቋል። አጎቴ መስቀላቸውን ይዘው እኔን ይጠብቃሉ።

እማዬን በመስኮት አያታለሁ። ኩራዝ አብርታለች። ሳንቀሰቅሳት ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ያጠበችውን ነጠላ ለብሳለች። ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አስራለች። መደቡ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። መሐል ላይ አይደለም የተቀመጠችው፤ ወደ ግድግዳው ተጠግታ ከጎኗ የአንድ ሰው ቦታ ትታለች።

ለአጎቴ አሁን ነገርኳቸው። እኔ ነጋሪ አልሆንም። ሁለት ወር ሙሉ ስነግራት የከረምኩት ይበቃል። እርስዎ ይንገሯት። እኔ ቀድሜ ገብቼ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ ለእኔም ያን ጊዜ ይነገረኝ። እስካሁን አንድም ሰው ለእኔ ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ እኔም ተጎድቷል ተብዬ ሄጄ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ እንደቆምኩ ነው የሰማሁት።

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ነጣ ማለት ጀምሯል። እማዬ ኩራዙን ዝቅ አደረገች። እጇን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች። ልገባ ነው